የቤተሰባችን ፋይል በማን እጅ ይከፈታል?

ወደ ቢሮ ስትመጡ ጸሐፊዋ አስቀድማ «ሚስፓር ዜሁት» ትላለች። ስም እያለ ቁጥር መጠየቁ አንዳንድ ሽማግሌዎቻችንን ቅር ያሰኛል። ነገር ግን ታደሰ የሚለውን ስም አንዱ ጸሐፊ በዕብራይስጥ መጨረሻውን በሄ፣ ሌላው በአሌፍ ይጽፈዋል፤ ለኮምፒዩተር እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው። የመታወቂያው ቁጥር 9 አኃዝ ሲሆን የመጨረሻው ከፊተኞቹ 8 በስሌት ስለሚወጣ፣ አንዱ አኃዝ ቢሳሳት ኮምፒዩተሩ ይነቃል።

ይህን ያነሣነው እኛ በሐዴራ የምንሠራ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞች፣ የቤተሰቦችን ቀጠሮና ፋይል የሚይዝ የኢንተርኔት ፕሮግራም ለማሠራት ስንመክር ስለሰነበትን ነው። የኮምፒዩተር ባለሙያዎቹ፣ «ፕሮግራሙ ወደ መረጃ ቋቱ በምን መንገድ ይግባ?» ብለው ጠየቁን።

ቋቱን እንደ ጎተራ አስቡት። ፕሮግራሙ ራሱ ገብቶ የፈለገውን ይዝቅ ቢባል ሥራው ይፈጥናል። ሆኖም ተንኮለኛ ሰው በስም መጻፊያው ቦታ ትእዛዝ ቢጽፍና ፕሮግራሙ ሳይለይ ቢያሳልፈው ጎተራው በሙሉ ይከፈታል። ስምን ከትእዛዝ ለይቶ የሚያስገባ አገናኝ መሐል ማድረግም ይቻላል፤ ይህ የተሻለ ነው። እኛ የመረጥነው ግን ጎተራውን ቆልፎ በመስኮት መስጠትን ነው። አስቀድመው የተዘጋጁ ጥያቄዎች ብቻ ይመለሳሉ። ቀጠሮ የምትይዘው ሠራተኛ ቀጠሮውን ታያለች እንጂ የባልና ሚስቱን ጠብ ወይም የልጁን ሕመም አታይም። አዲስ ነገር በተጨመረ ቁጥር ይዘገያል፣ ወጪም አለው። ቢሆንም ማኅበረሰባችን ይተዋወቃል፤ ኮምፒዩተሩ ፊት የተቀመጠችው የአማታችሁ ዘመድ ልትሆን ትችላለች።

መስኮቱ ብቻውን ግን አይበቃም። በፌብሩዋሪ 2020 «ኤሌክተር» የተባለው የምርጫ ፕሮግራም ድረ ገጽ የአስተዳዳሪዎቹን የይለፍ ቃል ማንም ሊያየው በሚችል ቦታ በመተዉ፣ ወደ 6.5 ሚሊዮን የሚሆኑ የእስራኤል መራጮች ስም፣ አድራሻና የመታወቂያ ቁጥር ተጋልጧል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ የይለፍ ቃል እንዲኖረው፣ የማንን ፋይል መቼ እንደከፈተም እንዲመዘገብ ጠይቀናል።

በ1981 የወጣው የግል ምስጢር ጥበቃ ሕግ ስለ ራሳችሁ በመረጃ ቋት የተያዘውን እንድታዩ፣ ስሕተት ካለውም እንዲታረም እንድትጠይቁ ይፈቅድላችኋል። ጥያቄውን በጽሑፍ አቅርቡ። ዕብራይስጡ ከከበዳችሁ ከእኛ ጋር እንጽፈዋለን፤ ልጆቻችሁን ለዚህ ከትምህርት ቤት አታስቀሩ።