ስሙ በሕይወት ሳለ ይታረም

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። መልአክ ያወጣውን ስም በወረቀት ላይ የሚያሰፍረው ግን ሰው ነውና መሳሳት አይቀርም። ስሙ፣ የአባቱ ስም ወይም የትውልድ ዘመኑ በግል ማኅደሩ ላይ ተሳስቶ የተጻፈበት ወታደር በአገልግሎት ላይ ሳለ ጉዳዩን ላያስተውለው ይችላል። ደመወዙን ይቀበላል፣ በማዕረጉ ይጠራል፣ ጓደኞቹም በመልኩ ያውቁታል። ስሕተቱ የሚገለጠው ጡረታውን በሚጠይቅበት ዕለት ነው። ከዚያም በከፋ ሁኔታ፣ እርሱ ካረፈ በኋላ ባለቤቱ ልጆቿን አስከትላ መዝገብ ቤት ደጃፍ በምትቆምበት ዕለት ይገለጣል።

የቀድሞ ወታደር «መዝገቤ ይታረምልኝ» ብሎ የሚያቀርበው ማመልከቻ የእርሱ የግል ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየት የሌለበት ለዚህ ነው። የመላው ቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ ይልቁንም የሚስትና የልጆች።

ስሕተቱ ከየት ይመጣል?

በአገራችን አንድ ሰው በአንድ ስም ብቻ የሚጠራበት ጊዜ ጥቂት ነው። እናት ያወጣችለት የቤት ስም አለው፤ የክርስትና ስም አለው፤ በአጎቱ ቤት ያደገ እንደሆነም የአሳዳጊውን ስም እንደ አባት ስም ይዞ ይቀራል። «ገብረ መድኅን» የተባለው በሰፈር «ገብሬ» ይባላል። ከቤተሰቡ ጠፍቶ የተቀጠረ ወጣት ደግሞ ወላጆቹ ፈልገው እንዳያስመልሱት ሌላ ስም ሊያስመዘግብ ይችላል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የፊደል ጉዳይ ነው። «ኃይሉ»፣ «ሐይሉ» እና «ሀይሉ» ለጆሮ አንድ ናቸው። ለጥንቁቅ መዝገብ ያዥ ግን ማረጋገጫ የሚያስፈልጋቸው ሦስት ጽሑፎች ሊሆኑ ይችላሉ። ስሙ በላቲን ፊደል ተጽፎ እንደገና ወደ አማርኛ ሲመለስ ችግሩ ይብሳል። የላቲኑ ፊደል «ጠ»ንና «ተ»ን ስለማይለይ «ጥላሁን» ሄዶ «ትላሁን» ሆኖ ሊመለስ ይችላል።

ሦስተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። በእኛና በፈረንጆች አቆጣጠር መካከል ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማገባደጃ ድረስ የ7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን የ8 ዓመት ልዩነት አለ። የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ሲዘምት የተሰለፈው ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ነበር። በግንቦት 1920 ዓ.ም. የተወለደ አንድ ዘማች ነበረ እንበል። በውጭ ቋንቋ በተጻፈ ወረቀት ላይ የትውልድ ዘመኑ 1928 ተብሎ ይሰፍራል። ይህን ቁጥር ሌላ ጸሐፊ በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ መስሎት ቢገለብጠው ሰውየው በ8 ዓመት ያንሳል፤ በ15 ዓመቱ ኮሪያ እንደ ዘመተ ሊቆጠር ነው። ማስረጃ ካላቀረበም ሽማግሌው ለጡረታ «ገና ነህ» ሊባል ነው።

የልደት ምስክር ወረቀት በየቤቱ አልነበረም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን ምዝገባው በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት እናት ስትጠየቅ መልሷ «ጣልያን በወጣ በዓመቱ ነው የወለድኩት» የሚል ነበር። ይህን ወደ ቁጥር የሚለውጠው ጸሐፊው ነው።

ሚስትን ለምን ይመለከታል?

በአገራችን ልማድ ሴት ስታገባ የአባቷን ስም አትተውም፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ይህንኑ አጽንቶታል። መልካም ልማድ ነው። ሆኖም ስሟ ብቻውን ባሏ ማን እንደሆነ አይናገርም ማለት ነው። እርስዋን ከሟቹ ጋር የሚያገናኛት የጋብቻ ማስረጃው ላይ የተጻፈው የባል ስም ነው። ልጆቹንም የሚያገናኛቸው ከስማቸው ቀጥሎ ያለው የአባት ስም ነው። የአገልግሎት መዝገቡ «ገብሬ» ብሎ፣ የጋብቻ ወረቀቱ «ገብረ መድኅን» ካለ፣ መዝገቡ የሚያውቀው ሌላ ሰው ነው።

የሚታጣው ነገርም ቀላል አይደለም። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 714 ለሟች ባል ወይም ሚስት የሟቹን አበል 50 በመቶ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ደግሞ 20 በመቶ መድቦ ነበር። ይህ አዋጅ በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1267 ተተክቷል። ሕጉ የሰጠውን መብት አንድ ፊደል ሊያዘገየው ይችላል። በተዘገየው ወር ሁሉ ደግሞ የቤት ኪራይ፣ የትምህርት ቤት ወጪና የዕለት አስቤዛ አይዘገዩም።

ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ መዝገቡ ላይ የሰፈረው በትክክል ምን እንደሆነ ባለጉዳዩ ራሱ ጠይቆ ይወቅ። ቀጥሎ በእጁ ያሉትን ወረቀቶች ይሰብስብ፦ የቅጥር ወረቀት፣ የማዕረግ ዕድገት ደብዳቤ፣ የሜዳሊያ ምስክር ወረቀት፣ የሆስፒታል ማስረጃ፣ የትምህርት ቤት ካርድ፣ የመሰናበቻ ደብዳቤ። ቀኑ የራቀ፣ ክርክር ከመነሣቱ በፊት የተጻፈ ወረቀት ትናንት ከወጣው የበለጠ ይታመናል።

ማመልከቻው አጭርና ግልጽ ይሁን። ሙሉ ስም ከነአያት፣ የእናት ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ የመለያ ቁጥር፣ ያገለገለበት ክፍል፣ የተቀጠረበትና የተሰናበተበት ዘመን ይጻፍበት። ከዚያም የተሳሳተው ቃል በመዝገቡ ላይ እንደሚነበበው፣ ትክክለኛውም ከጎኑ ይቀመጥ። ዘመን ሲጻፍ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ መግለጽ አይረሳ። ዋናውን ሰነድ ሳይሆን ቅጂውን ማስገባት፣ ሲያስገቡም የገቢ ቁጥር መቀበል ይገባል። መሥሪያ ቤቱ የፍርድ ቤት ውሳኔ ከጠየቀ፣ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መጠሪያ መሆናቸው እንዲረጋገጥ ለፍርድ ቤት ማመልከት ነው።

የሰው ምስክርም ትልቅ ጉልበት አለው። በአንድ ምሽግ አብረው የዋሉ ጓዶች ግን ያረጃሉ፣ ያልፋሉም። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ወረቀቱ በየመንገዱ የቀረበት ወታደር ደግሞ ከእነርሱ ሌላ ዋስ ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ ምስክርነቱ ዛሬ በጽሑፍ ይያዝ።

ሁለት ነገሮች ግን ፈጽሞ መደረግ የለባቸውም። አንደኛው በሰነድ ላይ በገዛ እጅ ሥርዝ ድልዝ ማድረግ ነው፤ እውነተኛውን ወረቀት ሐሰተኛ ያስመስላል፣ በሕግም ያስጠይቃል። ሁለተኛው መዝገቡን በማረም ፈንታ የልጆቹን ወረቀት ከስሕተቱ ጋር ማስማማት ነው። ለጊዜው ያቃለለ ይመስላል፤ ነገር ግን የአባትን ስሕተት ለልጅ ልጅ ማውረስ ነው። በተጨማሪም ማረም ማለት መለወጥ እንዳልሆነ እናስታውስ፤ ዕድሜን ለጥቅም ብሎ ከፍና ዝቅ ማድረግ እርማት አይባልም።

የቤት ሣጥንም መዝገብ ነው

የመንግሥት መዝገብ ቤት ራሱ ከአደጋ አያመልጥም። ሐምሌ 5 ቀን 1965 ዓ.ም. በአሜሪካ ሴይንት ልዊስ ከተማ አጠገብ በሚገኘው የወታደሮች መዝገብ ማከማቻ እሳት ተነሥቶ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርሱ ማኅደሮች ጠፍተዋል። የተቃጠሉት ሰነዶች ሌላ ቅጂ አልነበራቸውም። ከዚያ በኋላ የብዙ ሰዎች አገልግሎት የተረጋገጠው ከደመወዝ መክፈያ ሰነዶችና ቤተሰብ ካስቀመጠው የመሰናበቻ ወረቀት ነው። በየቤቱ ያለችው ትንሽ ሣጥን የትልቁን ሕንፃ ጉድለት ሞላች።

እናቶችና እኅቶች፣ ይህን ሣጥን በአብዛኛው የምንጠብቀው እኛ ነን። እንግዲህ የባላችንን፣ የአባታችንን ወይም የወንድማችንን ወረቀቶች አውጥተን ጎን ለጎን እንዘርጋቸው። ስሙ ከነአባቱና ከነአያቱ በሁሉም ላይ አንድ ነው? ዘመኑስ? የጋብቻው ወረቀት ከጡረታው ጋር ይስማማል? የማይስማማ ካለ ባለቤቱ በእግሩ ሄዶ፣ በአንደበቱ ተናግሮ፣ በእጁ ፈርሞ ማስተካከል በሚችልበት ጊዜ ይስተካከል። እርሱ በአንድ ማመልከቻ የሚጀምረውን ጉዳይ ከእርሱ በኋላ ለአንዲት እናት የዓመታት ደጅ ጥናት አናድርገው።