የሙሽራ ልብስና የሱቅ አመራረጥ በአዲስ አበባ ከተማ

በአዲስ አበባ ከተማ የታኅሣሥ ወር ሲጋመስ የልብስ ገበያው ጠባዩን ይለውጣል። የነቢያት ጾም በገና ይፈታል፤ ከገና እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለው ጊዜም አጭር ስለ ሆነ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዐት ከሚጋቡት ሰዎች ብዙዎቹ ሠርጋቸውን በጥር ወር ያደርጋሉ። ይህ ጊዜ ያመለጠው ወገን 55ቱን የጾም ቀን አሳልፎ፥ ፋሲካን ጠብቆ፥ በሚያዝያ ወይም በግንቦት ይደግሳል። ከዚህም የተነሣ የሙሽራ ልብስ የሚያዘጋጁ ቤቶች ሥራቸው ዓመቱን ሙሉ እኩል አይደለም፤ በጾም ወራት ደጃቸውን የሚረግጡት በአብዛኛው የእስልምናና የፕሮቴስታንት እምነት ተከታዮች ናቸው፤ በጥር ግን ሱቁ ሰው አይችልም። በዚህ ወቅት ዘግይቶ የሚወጣ ቤተ ሰብ ሌላው አይቶ የተወውን ያገኛል። ስለ ሠርግ ሲነገር ሽምግልናው፥ ድግሱና ዘፈኑ አዘውትረው ይወሳሉ፤ ልብሱ ከየት እንደሚመጣና ማን እንደሚመርጠው ግን ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ ይታለፋል። ነገር ግን የሁለቱ ወገኖች ግንኙነት ከሽምግልናው ባላነሰ ሁኔታ የሚታየው በዚህ የልብስ ፍለጋ ውስጥ ነው።

የዛሬዪቱ የአዲስ አበባ ሙሽራ አንድ ሳይሆን ቢያንስ ሁለት ልብስ ያስፈልጋታል። አንደኛው ቬሎ፥ ሁለተኛው የሐበሻ ቀሚስ ነው። ቬሎ የሚለው ቃል ከኢጣልያንኛ የተወሰደ ሲሆን በዚያ ቋንቋ ትርጓሜው ፊት መሸፈኛ ስስ ጨርቅ ማለት ነው። በከተማው አማርኛ ግን ቃሉ ከራስ እስከ እግር ወርዶ ነጩን የሙሽራ ቀሚስ በሙሉ መጥሪያ ሆኗል። ልብሱ ከአውሮፓ የመጣ ነው፤ በዚያም ቢሆን ሙሽራ ነጭ ትልበስ የሚለው ልማድ እጅግ የቆየ አይደለም። የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1840 ሲያገቡ ነጭ ልብስ ከለበሱ ወዲህ ባለጸጎች እየተከተሉ ያስፋፉት ነው፤ ከዚያ በፊት የአውሮፓ ሙሽሮች ያላቸውን ደኅና ልብስ በየቀለሙ ይለብሱ ነበር።

ለኢትዮጵያዊት ሙሽራ ነጭ መልበስ አዲስ ነገር አልነበረም፤ በዓል ሁሉ በነጭ ነጠላ የሚከበርበት አገር ነውና። መሸፈንም አዲስ አልነበረም፤ በቀድሞው ልማድ ሙሽራዪቱ ተሸፋፍና ከአባቷ ቤት ትወጣ ነበር። ስለዚህ ቬሎ በመጣ ጊዜ ማረፊያ ቦታው ቀድሞ ተዘጋጅቶለት ነበር ማለት ይቻላል። አዲስ የሆነው ጨርቁና ስፌቱ፥ ከሁሉም ይልቅ ደግሞ ሙሽራዪቱ በታላቁ ቀኗ የለበሰችው ልብስ የራሷ ንብረት አለመሆኑ ነው።

ቬሎ አብዛኛውን ጊዜ ይከራያል እንጂ አይገዛም። ለዚህም ምክንያቱ የዋጋው ውድነት ብቻ አይደለም። የሐበሻ ቀሚስ ለክርስትና፥ ለጥምቀት፥ ለሌላ ሰው ሠርግ ይለበሳል፤ ቬሎ ግን ከሠርጉ ማግስት ጀምሮ የሚሄድበት ቦታ የለውም። ቍጠባ የሚያውቁ እናቶች ለአንድ ቀን ልብስ ገንዘብ ማሰርን አይወዱም፤ ኪራዩንም ቢሆን እያጕረመረሙ ነው የሚፈቅዱት።

ወደ ኪራይ ቤቱ ሙሽራዪቱ የምትሄደው ከሚዜዎቿና ከእኅቷ ወይም ከአክስቷ ልጅ ጋር ነው። እናት በመጀመሪያው ቀን እምብዛም አትገኝም፤ በመስታወቱ ፊት የሚፈርዱት እኩዮች ናቸው። ባለ ሱቋ ልክ ትወስዳለች፤ ቬሎው በወገቡና በደረቱ ይጠብባል ወይም ይለቀቃል፤ የጫፉም ርዝመት በሠርጉ ቀን ከሚደረገው ጫማ ተረከዝ ጋር ይስተካከላል። ስለዚህ ጫማውን ሳይገዙ ቬሎ ለመለካት መሄድ አንዱን ሥራ ሁለት ጊዜ መሥራት ነው። ልብሱ ከተመረጠ በኋላ ቀብድ ይከፈላል፤ የሠርጉ ቀን በመዝገብ ይጻፋል፤ በጊዜው ለመመለሱም ገንዘብ ወይም መታወቂያ መያዣ ይሆናል። አዲስ የገባ ቬሎ ኪራዩ ብዙ ከለበሱት ይበልጣል።

በዚህ ቤት ብዙ ሰው የሚረሳው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ልብሱን ከሠርጉ በፊት ባለው ቀን ሌላ ሙሽራ ይዛው እንደ ሆነ መጠየቅ ነው። በጥር ወር ቅዳሜ የወጣ ቬሎ እሑድ ጧት ለሌላዪቱ ሊሰጥ ይችላል፤ በመካከሉ ያለው ሌሊትም ለማጠብና ለመተኰስ አይበቃም። ልምድ ያላቸው ሚዜዎች ኪራይ ቤት የሚመርጡት በመስኮቱ በተሰቀለው ልብስ ሳይሆን በዚህ ጥያቄ ላይ በሚሰማው መልስ ነው። ባለ ሱቋ መዝገቧን ገልጣ ካሳየች ይቀመጣሉ፤ «ችግር የለም» ብላ ካለፈች ይነሣሉ።

የሐበሻ ቀሚስ ፍለጋ ግን ሌላ መንገድና ሌላ ዳኛ አለው። ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ የሚገኘው የሽሮ ሜዳ ገበያ ቀሚሱ፥ ነጠላው፥ ኩታውና ጋቢው ከደጅ እስከ ጣራ ተሰቅሎ የሚታይበት ሰፈር ነው። በዚህ ገበያ ፊት ቀድማ የምትሄደው እናት ናት፤ ሙሽራዪቱ ትከተላለች፤ ሚዜዎችም ካልተጠየቁ አይናገሩም። እናት ጨርቁን በመጀመሪያ በዐይኗ ሳይሆን በጣቷ ትመረምራለች። ፈትሉ የእጅ ነውን? ድሩ ጠበቅ ያለ ነውን? ቀጥላ ወደ ብርሃን ዘርግታ ታየዋለች፤ በመጨረሻም ገልብጣ የጥለቱን ጀርባ ትመለከታለች። በሸማኔ እጅ የገባ ጥለት ከጀርባውም ይታያል፤ በማተሚያ የተመታው ግን ጀርባው ደብዛዛ ነው። ነጋዴው ፈትል፥ መነን፥ ሳባ እያለ የጨርቁን ዐይነት ሲጠራ እናት ስሙን ትሰማለች እንጂ በስሙ አትገዛም።

ከቤት ሳይወጡ ለሙሽራዪቱ የሚሰጣት ምክር አለ፤ «ደስ ቢልሽም ደስ አለኝ አትበዪ» ይባላል። ደስታዋ በፊቷ ከተነበበ ዋጋው አይወርድምና። ነጋዴውም ይህን ስለሚያውቅ «እትዬ፥ ይግቡ፤ ለልጅዎ የሚሆን አለኝ» ብሎ የሚያናግረው እናትን ቢሆንም የሚመለከተው የልጅቱን ዐይን ነው። እናት አንድ ጊዜ ከሱቁ ትወጣለች፤ ትጠራለች፤ ትመለሳለች። ይህ ሁሉ ሲሆን ከቀድሞ ጀምሮ ደንበኛ የሆኑ ቤተ ሰቦች ክርክሩን የሚያደርጉት ለሥርዐቱ ያህል ነው። የጥር ወር ደግሞ ለዚህ ገበያ ሁለት በዓል የተገናኘበት ነው፤ ጥምቀት ጥር 11 ቀን ይውላልና። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ የሚባለውን ተረት የምታከብር የከተማው ሴት ሁሉ ከሙሽራዪቱ ጋር በአንድ ሳምንት ወደ ሽሮ ሜዳ ትወጣለች፤ የሸማኔውም እጅ ለሁሉ አይበቃም።

ሽመናውን የሚሠሩት አብዛኞቹ ከጋሞ ደጋ የመጡ ሰዎችና ልጆቻቸው ናቸው። የከተማው ሰው ሁሉንም በጅምላ ዶርዜ እያለ ይጠራቸዋል፤ ዶርዜ ግን ከጋሞ ሕዝብ የአንዱ ክፍል ስም እንጂ የሸማኔ ሁሉ ስም አይደለም። ጥጡን በእንዝርት የምትፈትለው ሴት ናት፤ የሚሸምነው ወንድ ነው። ሸማኔው በጕድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ፥ መርገጫውን በእግሩ እየረገጠ፥ በድሩ መካከል መወርወሪያውን እያመላለሰ ማጉን ያስገባል። ወደ ጥለቱ ሲደርስ ሥራው ይዘገያል፤ ባለ ቀለሙን ክር ድር እየቈጠረ በጣቱ ያስገባዋልና። የሙሽራ ቀሚስ ዋጋ ከሌላው የሚበልጠው በጨርቁ ብዛት ሳይሆን በዚህ መዘግየት ነው።

ይህ ሙያ ቀድሞ የተናቀ ነበር። ሸማኔ ቁጢት በጣሽ እየተባለ ይሰደብ ነበር፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ባለ እጅን በሙያው መስደብን ከልክለዋል። ሆኖም ስድብ በአንድ ዐዋጅ አይጠፋም፤ ሥራው በሙሽራ ገላ ላይ ሲመሰገን ሠራተኛው በድግሱ ያልታሰበበት ዘመን ረጅም ነው። ዛሬም ቢሆን ብዙ ገዢዎች የሚያውቁት ነጋዴውን እንጂ ሸማኔውን አይደለም። አንዳንድ እናቶች ግን ነጋዴውን አልፈው ወደ ሸማኔው ቤት ይሄዳሉ። በዚያ ዋጋው ይቀላል፤ ጥለቱንም በፈለጉት ቀለም ያዛሉ። ጭንቁ ጊዜው ነው፤ የታዘዘው ቀሚስ ለሠርጉ ካልደረሰ ወደ ገበያው ተመልሶ የተዘጋጀ መግዛት ይመጣል፤ ያን ጊዜም እናት የምትከራከርበት አቅም የላትም።

ጥለት ከታዘዘ በኋላ ሌላ ጥያቄ ይነሣል፤ ከሙሽራዪቱ ጋር በአንድ ጥለት የሚለብሰው ማን ነው? በመልስ ቀን ሙሽራዪቱ የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ፥ ካባ ደርባ ትቀመጣለች፤ የሙሽራውም ሸሚዝ ከቀሚሷ ጥለት ጋር የተስማማ ይሆናል። ከዚያም የእናቶች ነጠላ፥ የእኅቶችና የሚዜዎች ቀሚስ ይከተላል። ይህ ለዐይን ማማር ብቻ የሚደረግ ቢመስልም ዝምድና የሚቈጠርበት መንገድ ነው። የሙሽራው አክስቶች በዚህ ጥለት ከታቀፉ የእናትየው እኅቶች እንዴት ይቀራሉ? አብራ ያደገች ጎረቤትስ? ገንዘቡ ለሁሉ ስለማይዳረስ ከአንድ ቦታ ላይ መቍረጥ ግድ ነው፤ የተቈረጠባትም ሴት በመልስ ግብዣ ላይ ሌላ ጥለት ለብሳ ስትገባ ሰው ሁሉ ያይላታል። በብዙ ቤት ከልብሱ ዋጋ ይልቅ እንቅልፍ የሚነሣው የስሞቹ ዝርዝር ነው።

ወጪውን የሚሸፍነው ማን ነው ቢባል መልሱ ጥሎሽ ወደሚባለው ሥርዐት ይመራል። ጥሎሽ የወንድ ወገን ለሙሽራዪቱ የሚያመጣው ልብስ፥ ጌጥና ሌላ ስጦታ ነው። ሻንጣው በሴቲቱ ወላጆች ቤት በሽማግሎች ፊት ይከፈታል፤ ዕቃውም አንድ በአንድ ወደ ላይ እየተነሣ ለተሰበሰበው ሰው ይታያል። ቀሚሱ ሲነሣ ቤቱ ጸጥ ይላል። ስለዚህ የቀሚሱ ሱቅ የሚመረጠው ለሙሽራዪቱ ዐይን ብቻ ሳይሆን በዚያች ሰዓት ለሚመለከቱት ዐይኖች ሁሉ ነው፤ ቀሚሱ ያነሰ እንደ ሆነ የሚያፍረው ሙሽራው ብቻ አይደለም፤ የላኩት ወላጆቹም ናቸው።

ቀድሞ ይህን ልብስ የሚገዙት የሙሽራው እናትና እኅቶች ነበሩ፤ ሙሽራዪቱም ለመጀመሪያ ጊዜ የምታየው ሻንጣው ሲከፈት ነው። ዛሬ በከተማው ብዙ ጊዜ እርሷ ራሷ ሄዳ ትመርጣለች፤ ወይም ገንዘቡ ይሰጣታል። ሻንጣው ሲከፈት ግን ቀሚሱን ቀድማ እንዳላየች ሆና አንገቷን ደፍታ ትቀመጣለች፤ ይህን የሚያውቁትም ሁሉ እንዳላወቁ ይሆናሉ። ምርጫው ወደ ሙሽራዪቱ ሲያልፍ ሥርዐቱ መልኩን እንዳለ ይዞ መቈየቱ ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

ጠብ የሚነሣውም ከዚሁ ነው። የሙሽራው እናት በሽሮ ሜዳ የብዙ ዘመን ደንበኛ አላቸው፤ ለሴት ልጆቻቸው የገዙት ከእርሱ ነው። ሙሽራዪቱ ደግሞ በቦሌ አካባቢ ካሉት ዲዛይነሮች በአንዱ ቤት ያየችውን አዲስ ስፌት ትመኛለች። የእናትየውን ደንበኛ መተው እርሳቸውን መተው ይሆናል፤ ምኞትን መተውም ቀላል አይደለም። በዚህ ጊዜ የሚመረጠው መፍትሔ አንዳንድ ጊዜ የጥሎሹን ቀሚስ ከእናትየው ደንበኛ፥ የመልሱን ከዲዛይነሩ ማድረግ ነው፤ ሁለት ልብስ የነበረው ሦስት ይሆናል። የተመረጠው ከሙሽራው አቅም ሲያልፍም የሴቲቱ እናት ጕድለቱን በስውር የምትሞላበት ጊዜ አለ። ይህ ለሽማግሎች አይነገርም።

በተክሊል ለሚጋቡ ሙሽሮች ሌላ ሒሳብ ይጨመራል። ሙሽሮቹ በቤተ ክርስቲያን ካባ ለብሰው አክሊል ስለሚደፉ ቬሎ ከመጣ የሚለበሰው ከዚያ በኋላ ነው፤ ለጥቂት ሰዓት ልብስ ሙሉ ኪራይ መክፈል ይገባል ወይ የሚለው ክርክርም በየቤቱ ይሰማል። አንዳንዶቹ ቬሎውን ከነአካቴው ይተዉታል። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ሙሽሮች ደግሞ ቬሎውን በሚኖሩበት ከተማ ሲያገኙ የሐበሻውን ቀሚስ ከአዲስ አበባ ያስመጣሉ፤ ልካቸውን በስልክ ይልካሉ፤ በሽሮ ሜዳ ጨርቁን የምትዳስሰው ግን የአክስት ወይም የእናት እጅ ናት።

ከሠርጉ በኋላ ቀሚሱ ታጥቦ፥ ታጥፎ፥ በሻንጣ ይቀመጣል፤ ለመጀመሪያው ልጅ ክርስትና ይወጣል። ቬሎው ግን በማግሥቱ ወይም በሠልስቱ በአንዲት ሚዜ እጅ ወደ ኪራይ ቤቱ ይመለሳል። ባለ ሱቋ ጫፉን ገልጣ ጭቃና የሰም ጠብታ ትፈልጋለች፤ የጐደለ ዶቃ እንዳለ ትቈጥራለች፤ መያዣውን ትመልሳለች። ወንበሩ ላይ ደግሞ ሌላ ልጅ ከሚዜዎቿ ጋር ተቀምጣ ተራዋን ትጠብቃለች።