ከርክክብ በፊት ያለው ሥራ

በአማራ ክልል ዋግ ኽምራ ዞን ከአምደወርቅ ተነስቶ ወደ ደሃና ወረዳ ገጠር ቀበሌዎች የሚወጣ የትምህርት ፕሮጀክት ሠራተኛ መኪና የሚያደርሰው መንገዱ እስካለ ድረስ ነው። ከዚያ ወዲያ በእግሩ ነው። ዋግ ኽምራ ተራራና ገደል የበዛበት አገር ስለሆነ፣ ፊት ለፊት የሚታይ መንደር ለመድረስ እንኳ ሸለቆ ወርዶ ሌላ አቀበት መውጣት ግድ ይላል። የሰባት ዓመት ልጅም ትምህርት ቤት የምትሄደው በዚያው ቁልቁለትና አቀበት ነው።

ስለ ትምህርት ግብረ ሰናይ ድርጅቶች ሲወራ ቶሎ የሚነሳው አዲስ የተሠራ ክፍልና የምረቃው ቀን ነው። የሥራውን ልክ የሚያሳየው ግን ከምረቃው በኋላ ያለው ጊዜ ይመስለኛል። ሠራተኛው የሚደክመው ልጆቹና ትምህርቱ የሚገናኙበትን መንገድ ለማሳጠር ነው፤ ከዚያም ያቀናውን ነገር ከራሱ እጅ አውጥቶ ለወረዳውና ለወላጆች ለማስረከብ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል።

በአማራ ክልል ይህን ሥራ የሚሠሩት ተቋማት ብዙ ዓይነት ናቸው። በ1984 ዓ.ም የተመሠረተው አማራ ልማት ማኅበር (አልማ) ገንዘቡን የሚሰበስበው በአብዛኛው ከራሱ አባላት ነው። የመንግሥት ሠራተኛው ከደመወዙ፣ አርሶ አደሩ ከምርቱ ያዋጣሉ፤ መዋጮውም በዳስ ሲያስተምሩ ለኖሩ ትምህርት ቤቶች ክፍል ይሆናል። ከውጭ ለጋሾች በሚገኝ ገንዘብ የሚንቀሳቀሱ አገር በቀልና ዓለም አቀፍ ድርጅቶችም አሉ። በእነዚህ ሥራው በፕሮጀክት ተከፋፍሎ ይመጣል፤ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ ያነሰ። የሠራተኛው የሥራ ውልም ከፕሮጀክቱ ዕድሜ አይረዝምም።

እንደ ደሃና ላለ ተበታትኖ ለሰፈረ ሕዝብ በጣም የሚስማማው አሠራር አማራጭ መሠረታዊ ትምህርት ነው። መደበኛው ትምህርት ቤት ለራቀባቸው ወይም ዕድሜያቸው ላለፈባቸው፣ ከ7 እስከ 14 ዓመት ላሉ ልጆች የተዘጋጀ ነው። የመጀመሪያው እርከን የአራት ዓመት ትምህርት በሦስት ዓመት ይጠናቀቃል። ጣቢያው ብዙ ጊዜ የአካባቢው ሰው በድንጋይ፣ በእንጨትና በጭቃ የሚሠራው ቤት ነው። የምታስተምረው አመቻች ትባላለች፤ ከዚያው ቀበሌ ወይም ከጎረቤት የተመረጠች፣ አጭር ሥልጠና የወሰደች ወጣት ናት። ክፍያዋ ከመደበኛ መምህር ያነሰ ነው። ይህን ከሥርዓቱ ድክመቶች ሁሉ የከፋው አድርጌ እቆጥረዋለሁ፤ ሰፈሩን፣ ልጆቹንና ወላጆቹን አብጥራ የምታውቀው እሷ ናትና።

መሰል አሠራር በሌላም አገር ተሞክሯል። በባንግላዴሽ ብራክ የተባለው ድርጅት በ1985 እ.ኤ.አ. በ22 ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤቶች ነበር የጀመረው። ሠላሳ ያህል ልጆች፣ ከሰፈሩ የተመረጠች አንዲት መምህርት፣ በቀን ጥቂት ሰዓት ትምህርት። በእኛም አገር በደቡብ የተጀመረው የፈጣን ትምህርት ፕሮግራም ከትምህርት ገበታ የራቁ ልጆችን በአሥር ወር ውስጥ የሦስት ክፍል ትምህርት አስተምሮ ወደ መደበኛው ያስገባል። ሁሉም የሚጋሩት ነገር አለ፦ ክፍሉ ትንሽ ነው፣ አስተማሪዋ ቅርብ ናት። በብራክና በእኛ አማራጭ መሠረታዊ ትምህርት ደግሞ ሰዓቱ የሚወሰነው ከወላጁ ጋር ተመካክሮ ነው።

የሰዓቱ ነገር ደሃና ላይ ትልቅ ጉዳይ ነው። ትምህርት በመስከረም ይከፈታል። በጥቅምትና በኅዳር ግን ሰብሉ ይደርሳል፤ ወፍና ዝንጀሮ የሚጠብቁት፣ ከብትና ፍየል የሚያግዱት ልጆች ናቸው። መደበኛው ትምህርት ቤት በዚያ ወቅት ወንበሩ ባዶ ይሆንበታል። የጣቢያው ኮሚቴ ግን ተሰብስቦ ትምህርቱን ጠዋት ከብቱ ሳይሰማራ ወይም ከቀትር በኋላ ማድረግ ይችላል። የፕሮጀክት ሠራተኛው በስብሰባው ላይ የሚጠበቅበት ብዙ መናገር አይደለም። የደብሩን ቄስ፣ የቀበሌውን ሊቀመንበር፣ ከሁሉ በላይ እናቶችን ማዳመጥ ነው። እናቶቹ ከኋላ ተቀምጠው ዝም ካሉ ውሳኔው አይጸናም፤ ልጅቷን ውኃ ልካ የምታስቀር ወይም ትምህርት ቤት የምትሰድ እናቷ ናትና። በእንዲህ ያለ ስብሰባ ሽማግሌዎች ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ ልብ ላይ የሚቀር ነው፦ «ልጄ፣ እናንተ ስትሄዱ የአመቻቿን ደመወዝ ማን ይከፍላታል?»

ወደ ቢሮ ሥራው ስንዞር ከመንገዱ ይልቅ ወረቀቱ ይበዛል። ድርጅቱ ከክልሉ ፋይናንስና ትምህርት ቢሮዎች ጋር ስምምነት ይፈርማል፤ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ካላወቀውና ካልተቀበለው ግን ቀበሌ ላይ የሚራመድ ነገር የለም። የጉድኝት ማዕከሉ ሱፐርቫይዘር፣ የቀበሌው ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ፣ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት፣ ሁሉም ድርሻ አላቸው። እነዚህን ድርጅቶች የሚገዛው ሕግም የራሱ ጫና ነበረው። በ2001 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 አስተዳደራዊ ወጪ ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ሲያዝ፣ ለፕሮጀክት ክትትል የሚወጣ ነዳጅና አበል ሳይቀር በአስተዳደራዊው በኩል ይቆጠር ነበር። ሩቅ ጣቢያ ሄዶ መምህርትን ማገዝ እንደ ቢሮ ወጪ ታየ ማለት ነው። ጉዳቱ የጠናው ደግሞ እንደ ዋግ ባለ መንገድ በሌለው አገር ለሚሠሩት ነበር። በ2011 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ጣሪያውን 20 በመቶ ቢያደርገውም፣ አስተዳደራዊ የሚባለውን ከፕሮጀክቱ ሥራ ጋር ግንኙነት የሌለው ወጪ ብቻ አድርጎታል። ለመስክ ሠራተኛ ይህ እፎይታ ነበር።

ልጆቹ ክፍል ከገቡ በኋላስ ያነባሉ? በ2002 ዓ.ም በተለያዩ ክልሎች በተደረገው የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ምንባብ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ከዚያ በኋላ ትኩረቱ ከግንባታ ወደ ንባብ ዞረ። በአሜሪካ መንግሥት ድጋፍ የንባብ መጻሕፍት በሰባት ቋንቋዎች ተዘጋጁ፦ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በሲዳምኛ፣ በወላይትኛና በሀዲይኛ። የዋጉ ኽምጣና ከሰባቱ ውስጥ አልነበረም። በደሃና አማርኛ የሚናገር ቤተሰብም ኽምጣና የሚናገር ቤተሰብም አለ፤ ስለዚህ እዚህ የሚሠራ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ልጆቹ ቤታቸው በምን እንደሚያወሩ ነው። አመቻቿ ከሰፈሩ ስትመረጥ አንዱ ጥቅሙ ይህ ነው፤ ልጁ ያልገባውን በቤቱ ቋንቋ ታስረዳዋለች።

ረሃቡን ሳይነኩ ስለ ትምህርት ማውራትም አይቻልም። በዋግ በብዙ ቀበሌዎች ሴፍቲኔት የተባለው የምግብ ዋስትና ድጋፍ ከ1997 ዓ.ም ጀምሮ የቤተሰብ ኑሮ አካል ሆኗል። ሐምሌ 2007 ላይ መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት የገባው ቃል የዞኑን ከተማ ስም ይዞ የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተብሏል። ዝናብ በቀረበት ዓመት ልጅ ቁርስ ሳይበላ ይመጣል፣ ወይም ቤተሰቡ ሥራ ፍለጋ ይዞት ይሄዳል። የትምህርት ቤት ምገባ በተጀመረበት ቦታ ሁሉ የመምህራኑ ወሬ አንድ ነው፦ ምግብ ያለ ቀን ክፍሉ ይሞላል።

ከዚያም የሰሜኑ ጦርነት መጣ። በ2013 ዓ.ም መጨረሻ ጦርነቱ ዋግ ኽምራን ሲያዳርስ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ ወንበሩና መጽሐፉ ጠፋ። ከአበርገሌና ከዝቋላ የተፈናቀሉት በሰቆጣ አቅራቢያ በወለህ ሰፈሩ። ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ወዲህ በክልሉ የቀጠለው ግጭት ደግሞ ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዳግም ዘግቷል። በጥር 2017 የአሜሪካ ዕርዳታ በድንገት ሲቋረጥ በመላ አገሪቱ የብዙ ድርጅቶች ሠራተኞች ደመወዛቸው ቆመ፤ ገና ያላለቁ ፕሮጀክቶች ርክክብ ሳይደረግባቸው ቀሩ።

ርክክብ በወረቀት ቀላል ነው፤ ዝርዝር ተሠርቶ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተም ይደረግበታል። የሚያስቸግረው የበጀት ዘመኑ አለመገጣጠም ነው። የለጋሹ በጀት ብዙ ጊዜ በታኅሣሥ ወይም በመስከረም ይዘጋል፤ የወረዳው በጀት የሚጀምረው ግን ሐምሌ 1 ነው። ፕሮጀክቱ ታኅሣሥ ላይ ቢያልቅ አመቻቿ እስከ ሐምሌ ያለ ክፍያ ትቀራለች፤ እስከዚያም ልጆቹ ይበተናሉ። ስለዚህ ሥራውን የሚያውቅ ሰው የመጨረሻውን ዓመት ሳይጠብቅ፣ ወረዳው ዕቅዱን ገና ሳያሰናዳ፣ ከትምህርትና ከገንዘብ ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች ጋር ይቀመጣል። የሚጠይቀውም አንድ ነገር ነው፤ በሚመጣው ሐምሌ በወረዳው የደመወዝ ዝርዝር ላይ የአመቻቿ ስም እንዲሰፍር።