ዘበኛው ጋ የጮኸው ስልክ

አርባ ምንጭ ሲቀላ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት የስልክ ማዞሪያ ተክለን በጨረስን ማግስት፣ ምሳ ልበላ እጄን እየታጠብኩ ሞባይሌ ጮኸ። ጸሐፊዋ ናት። «ወንድሜ፣ ያ ሳጥናችሁ ምን ነክቶት ነው? ከውጭ የሚደወለው ሁሉ ዘበኛው ጋ እየገባ ነው እኮ!» ጠዋት ደኅና ነበር። ከ5:30 ወዲህ ግን ለሥራ አስኪያጁም ለሒሳብ ክፍሉም የመጣው ጥሪ ሁሉ በር ላይ ካለችው የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ይጮህ ጀመር።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። በዋዜማው «የሥራ ሰዓታችሁ ስንት ነው?» ብያት «ከ2:30 እስከ 11:30» አለችኝ፤ እኔም እንዳለችኝ አስገባሁት። ሳጥኑ ግን ሰዓት የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ነው። 11:30 ለእሱ የእኛ 5:30 ስለሆነ፣ ረፋዱ ላይ «ቢሮው ተዘጋ» ብሎ ወደ ሌሊት አሠራሩ ዞረ። በሌሊት ስልክ የሚያነሳው ደግሞ ዘበኛው ነው። 2:30 ያልኩትም ስህተት ነበር፤ ለሳጥኑ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ነው። በዚያ ሰዓት የሚደውል ስለሌለ ብቻ ሳይታወቅ አለፈ እንጂ፣ ማዞሪያው በጨለማ ተነስቶ ቢሮ ከፍቶ ሲጠብቅ ነው ያደረው። መጻፍ የነበረብኝ 8:30 እና 17:30 ነበር።

ማዞሪያ ስንል፣ ባለሙያዎቹ ፒቢኤክስ የሚሉት፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሳጥን ነው። መሥሪያ ቤቱ ከቴሌ የተከራየው 3 ወይም 4 መስመር በአንድ ወገን ይገባል፤ በሌላው ወገን ወደ 20 ወይም 30 ጠረጴዛዎች የሚሄድ ሽቦ ይወጣል። ለእያንዳንዱ ጠረጴዛ የውስጥ መስመር ቁጥር ይሰጠዋል፤ 101፣ 102 እያለ ይቀጥላል። ቢሮ ለቢሮ ሲደዋወሉ ጥሪው ከግቢው ስለማይወጣ ቴሌ አይቆጥርባቸውም። ወደ ውጭ የሚደውል ሰው ብዙ ጊዜ 9ን ቀድሞ ይጫናል፤ ያኔ ሳጥኑ ከቴሌ መስመሮች አንዱን ባዶ ካገኘ ያውሰዋል።

ይህን ሥራ ድሮ ሰው ነበር የሚሠራው። «አዙሪልኝ» የምንለውም ኦፕሬተሯ ገመድ ከቀዳዳ ቀዳዳ እየሰካች ሰውን ከሰው ታገናኝ ከነበረበት ዘመን የቀረ ቃል ይመስለኛል። ሰውን ከመሃል ያወጣው አልሞን ስትሮውጀር የተባለ፣ በአሜሪካ ካንሳስ ሲቲ የቀብር ሥራ የሚሠራ ሰው ነው። የተፎካካሪው ሚስት ኦፕሬተር ስለነበረች «ሰው ሞቶብናል» የሚለውን ጥሪ ሁሉ ወደ ባሏ ታዞርብኛለች ብሎ ተቆጥቶ ራሱን በራሱ የሚያዞር መሣሪያ ፈለሰፈ ይባላል። የፈጠራ መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1891 ነው። ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1894፣ ስልክ በምኒልክ ዘመን ኢትዮጵያ ገባ።

አሁን ያለው ማዞሪያ ዲጂታል ነው። ድምፅዎን በሰከንድ 8,000 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዷን ልክ ወደ 8 ቢት ቁጥር ይለውጣል። ግማሽ ሰከንድ የምትፈጅ አንዲት «ሀሎ» ለሳጥኑ 4,000 ቁጥር ናት። ቁጥሮቹ በየተራቸው ተሰልፈው ስለሚያልፉ አንድ ቀጭን መንገድ ብዙ ወሬ ይሸከማል፣ አንዱም ከሌላው አይቀላቀልም። ደንበኞችን የሚያስቸግረው ነገር ሌላ ነው፤ በዲጂታል ወደብ ላይ የሚሠራው የራሱ ዲጂታል ቀፎ ብቻ ነው። ከሱቅ የተገዛ ተራ ቀፎ ሲሰኩበት ዝም ይላል፤ ደንበኛው ሳጥኑ ተበላሸ ብሎ ይደውላል፣ እኛም ለአንድ ቀፎ እንመላለሳለን።

ፕሮግራም ማድረጉ ራሱ ከባድ አይደለም። በየቢሮው በሚታየው የፓናሶኒክ ቲዲኤ ማዞሪያ ላይ፣ መስኮት ባለው ቀፎ «ፕሮግራም» የሚለውን ቁልፍ ይጫናሉ፤ ኮከብና መሰላል ያስከትላሉ፤ ከፋብሪካ የመጣውን የይለፍ ቁጥር 1234 ያስገባሉ። 000 ካሉ ቀንና ሰዓት ይመጣል። ቀኑ የፈረንጅ ስለሆነ ማን መቼ የት ደወለ የሚለው መዝገብ ሲታተም ሒሳብ ክፍሉ ወደ እኛ አቆጣጠር መመለስ አለበት፤ ጳጉሜን ሳጥኑ አያውቃትም። 1234ን ደግሞ በዚያው ቀን መለወጥ ነው። ያልለወጠ ቢሮ ሌባ ከውጭ ደውሎ ገብቶ በእሱ መስመር ውጭ አገር ሲያወራበት ሊሰነብት ይችላል፤ የሚያውቀው የወሩ ሒሳብ ሲመጣ ነው።

ከባዱ ከቁልፉ በፊት ያለው ንግግር ነው። ባዶ ወረቀት ይዤ እቀመጥና እጠይቃለሁ። ከውጭ የገባ ጥሪ መጀመሪያ ማን ጋ ይጩህ? ስንት ጊዜ ጮኾ ካልተነሳ ወደ ማን ይለፍ? የሥራ አስኪያጁ ስልክ በቀጥታ ይጩህ ወይስ በጸሐፊዋ በኩል? ማን ከከተማው ውጭ ይደውል? እዚህ ላይ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ሁለት የሥራ ሂደት አስተባባሪዎች እኩል ናቸው እየተባለ ለአንዱ የአዲስ አበባው 011 ተከፍቶ ለሌላው ሲዘጋ፣ ያልተጻፈ ደረጃ ተጻፈ ማለት ነው። በግልጽ ተነጋግሮ የጨረሰ ቢሮ በግማሽ ቀን ይጠናቀቃል፤ «አንተ እንደመሰለህ አድርገው» ያለኝ ቢሮ ግን ወር ሙሉ ይጠራኛል።

ማን የት ይደውል የሚለው የፈቃድ ሠንጠረዥ በቁጥር መነሻ ነው የሚሠራው። የአርባ ምንጭ መደበኛ ስልክ በ046 881 ይጀምራል። እስከ 1998 ዓ.ም. መባቻ ኮዱ 06 ነበር፣ ቁጥሩም ባለ 6 አሃዝ፤ በመስከረም ሁሉም ሲለወጥ ከፊቱ 8 ተጨመረበት። ያኔ ሠንጠረዥም አብሮ መለወጥ ነበረበት፤ ምክንያቱም ማዞሪያ የሚያውቀው የጻፉለትን አሃዝ ብቻ ነው። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. መስከረም አዲስ አበባ ላይ አገልግሎት ሲጀምር ይኸው ነገር በሌላ መልክ መጣ። ሞባይል እንዳይደወል 09ን የዘጋ ሠንጠረዥ የሳፋሪኮምን 07 ዝም ብሎ ያሳልፋል። የሚገርመው፣ ይህን ከቴክኒሻኑ ቀድመው የሚያገኙት ሠራተኞቹ ናቸው።

አርባ ምንጭ ላይ አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ። ከተማዋ ሁለት ናት፤ ሲቀላ ከታች፣ ሴቻ ከላይ። ቢሮው በሁለቱም ቦታ ከሆነ የውስጥ መስመር ሽቦ ያን ዳገት አይወጣም። ዩኒቨርሲቲውን ያህል ዋና ግቢ፣ ዓባያ፣ ጫሞ፣ ኩልፎና ነጭ ሣር ተብሎ ለተበተነ ተቋም የሚሻለው ድምፅን በኮምፒውተር መረብ የሚልከው አይፒ ስልክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1999 የተጀመረው አስተሪስክ የተባለው ነጻ ሶፍትዌር ተራ ኮምፒውተርን ማዞሪያ ያደርገዋል። ፓናሶኒክም ከማዞሪያ ንግድ መውጣቱን ካስታወቀ ቆይቷል። ለአንድ ግቢና ለ20 ቀፎ ግን አሮጌው ሳጥን አሁንም ይበቃል ባይ ነኝ። የሚፈልገው መብራት ሲጠፋ የሚያቆየው ባትሪ፣ በሚያዝያና በግንቦት ዝናብ ነጎድጓዱ ሽቦ ተከትሎ እንዳይገባ ደግሞ በደንብ ወደ መሬት የተቀበረ የግራውንድ ሽቦ ነው። በመብረቅ የተቃጠለ ካርድ ሽታው ሳጥኑን ሳይከፍቱት ይታወቃል።

የመጨረሻው ሥራ ደዋዩ የሚሰማው የእንኳን ደኅና መጡ ቅጂ ነው። በአማርኛ ብቻ ይሁን፣ ጋሞኛም ይጨመር፣ እንግሊዝኛስ? ብዙ ቢሮዎች እዚህ ይከራከራሉ። በጋሞ የጉባኤ አደባባይ፣ ዱቡሻ ላይ፣ ስብሰባ በሽማግሌ ምርቃት ነው የሚከፈተው፤ ምርቃት አይቸኮልም። የስልኩ ሰላምታ ግን የደዋዩን ገንዘብ ይበላል። ስለዚህ ስም፣ አንድ ሰላምታ፣ «የውስጥ መስመሩን ካወቁ ይጫኑ፤ ካላወቁ ይጠብቁ» ብዬ እቆርጣለሁ። ድምፁን ጸሐፊዋ ታስገባው፤ ደንበኛ የሚያውቀው የእሷን ነው።

ያን ቀን ምሳዬን ትቼ ሄድኩና ሰዓቱን አስተካከልኩት፤ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ስወጣ ዘበኛው ወንበራቸውን ከቆርቆሮ ቤቷ ጥላ አውጥተው ቀፎውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ለሁለት ሰዓት ያህል ደንበኛውን ሁሉ በትሕትና «ቆዩኝ» እያሉ፣ በስልክ ያልደረሰውን መልእክት በሩጫ ሲያደርሱ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ልጠይቅ ስገባ በሩን ከፍተውልኝ ቀፎውን አሳዩኝ።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «ዛሬ ምነው ዝም አለ?»