ዳባት ያልቆጠረው የደም መርጋት

ዳባት ሟቾቹን በመቁጠር የታወቀ ወረዳ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምርምር ማዕከል ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በተመረጡ ቀበሌዎች የተወለደውን፣ የሞተውን፣ አካባቢውን የለቀቀውን ይመዘግባል። ሰው ሲሞት ጠያቂው ቤተሰቡ ዘንድ ሄዶ ሕመሙ እንዴት እንደጀመረ ያጣራል፤ የሞቱ ምክንያት የሚገመተው ከዚያ መልስ ነው። ኮቪድ-19 ይዞት የመጣው አንድ ገዳይ ግን በዚህ ወንፊት ሾልኮ ያልፋል። ቤተሰብ የሚያስታውሰው «ትንፋሽ አጠረው» የሚለውን ብቻ ነዋ።

በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. የኔዘርላንድስ ሐኪሞች ጽኑ ሕሙማን ክፍል ከተኙ 184 የኮቪድ ታማሚዎች 31 በመቶው ላይ የደም መርጋት ችግር ማግኘታቸውን አሳወቁ፤ አብዛኛው ሳንባ ውስጥ ነበር። በዚያው ወር የሃምቡርግ ሐኪሞች የ12 ሟቾችን አስከሬን መርምረው በሰባቱ እግር ደም ረግቶ አገኙ። በሕይወት ሳሉ ማንም አልጠረጠረም። አራቱን የገደለው ከእግር ተነቅሎ የሳንባን ደም ሥር የዘጋ የረጋ ደም ነበር።

ቫይረሱ የደም ሥሮችን የውስጥ ገጽ ይጎዳል፣ ብግነቱ ደሙን ለመርጋት ያመቻቸዋል፤ ለቀናት አልጋ ላይ መዋል ደግሞ ይጨመርበታል።

መርጋቱን በግልጽ የሚያሳየው ቀለም ተወግቶ የሚነሳ ሲቲ ስካን ነው። አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ይህ መሣሪያ እንዲኖረው አይጠበቅም። ከዳባት ጎረቤት ከተማ ከደባርቅ እስከ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ኦክስጅን የተሰካለትን ሰው ለአንድ ፎቶ ያን ሁሉ መንገድ መጫን ራሱን የቻለ አደጋ ነው። በ2013 ማብቂያ ደግሞ የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ ዘልቆ ነበር። ከፍታውም ያምታታል፦ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደባርቅ የጤነኛ ሰው የኦክስጅን መጠን እንኳ ከቆላው ዝቅ ይላል። ስለዚህ ከአንድ ንባብ ይልቅ ድንገት ማሽቆልቆሉ ብዙ ይናገራል።

መከላከያው ግን ሲቲ ስካን አይጠይቅም። የዓለም ጤና ድርጅት በጥር 2013 ሆስፒታል ለተኙ የኮቪድ ታማሚዎች አነስተኛ መጠን ያለው ደም አቅጣኝ እንዲሰጥ መክሯል። በሐምሌ የወጣ ትልቅ ጥናት ደግሞ ሄፓሪን የተባለው ደም አቅጣኝ መርፌ ከፍ ባለ መጠን ሲሰጥ የጠቀመው ገና ያልጸናባቸውን እንጂ ጽኑ ሕሙማንን እንዳልሆነ አሳየ። መርፌው ዋጋ የሚኖረው ቀድሞ ሲደርስ ነው ማለት ነው። አንድ ባቱ ብቻ ያበጠ ታማሚ ሲገኝም ነፍሰ ጡሮች የሚታዩበት አልትራሳውንድ እግሩ ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ ጭኑና ጉልበቱ አካባቢ ሲጫኑት የማይጨፈለቅ ደም ሥር ካለ ውስጡ ደም ረግቷል፣ ሕክምናውም ጎንደር ሳይደረስ እዚያው ይጀመራል።