በጉዞ ላይ ላለ ሾፌር ስልክ አለመደወል የማኅበራትም ኃላፊነት ነው

እንደሚታወቀው፣ የኢትዮጵያ የወጪና ገቢ ንግድ አብዛኛው ክፍል የሚተላለፈው በጅቡቲ ወደብ በኩል ነው። ገበሬው የሚጠቀምበት ማዳበሪያም ከወደቡ እየተጫነ በገላፊ፣ በሚሌ፣ በአዋሽና በአዳማ አድርጎ ወደ ልዩ ልዩ አካባቢዎች ይጓጓዛል። ገበሬው ያመረተው እህልም እንዲሁ በከባድ መኪና ወደ ገበያ ይወጣል። ስለዚህ መሪ የጨበጠው ሾፌር ንቃት የባለንብረቱና የትራፊክ ፖሊስ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የገበሬ ማኅበራትም ጉዳይ ነው።

ሾፌር በሦስት መንገድ ይዘናጋል። ዓይኑ ከመንገዱ ይነሳል፤ እጁ መሪውን ይለቃል፤ ሐሳቡ ወደ ሌላ ነገር ይሄዳል። ከእስር እየመረጡ ጫት መቃም፣ እየነዱ መብላት፣ ሬዲዮ መነካካትና ከረዳት ጋር መሟገት ሁሉም ያዘናጋሉ። የእጅ ስልክ ግን ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ያመጣል። ዓይን ቁጥሩን ያያል፤ እጅ ስልኩን ይይዛል፤ ሐሳብ ከደዋዩ ጋር ይሆናል። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» የሚባለው ለዚህ ነው። በሬ ጠምዶ ወደ ኋላ እየዞረ የሚያርስ ሰው ፈሩ ይጣመምበታል። የተጣመመ ፈር ግን ተመልሶ ሊታረስ ይችላል፤ መንገድ የሳተ ከባድ መኪና የሚያጠፋው ሕይወት አይመለስም።

ጉዳቱን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 17 ሜትር ያህል ይሄዳል። ሾፌሩ የደወለለትን ሰው ስም ለማየት ለሦስት ሴኮንድ ብቻ ዓይኑን ከመንገዱ ቢያነሳ 50 ሜትር ያህል ሳያይ ተጓዘ ማለት ነው። በዚያ ርቀት ውስጥ ከብት የሚነዳ እረኛ ወይም ከትምህርት ቤት የሚመለስ ሕፃን ሊኖር ይችላል። ሾፌሩ ቀና ብሎ ፍሬን ቢይዝ እንኳ ጭነት የሞላው ባለ ተሳቢ መኪና ወዲያውኑ አይቆምም፤ ቁልቁለት ከሆነ ደግሞ ይብሳል።

በዚህ ረገድ የተደረጉ ጥናቶችም ይህንኑ ያረጋግጣሉ። በአሜሪካ አገር የቨርጂኒያ ቴክ የትራንስፖርት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ ያደረገው ጥናት፣ እየነዱ መልእክት የሚጽፉ የከባድ መኪና ሾፌሮች ለአደጋ ወይም ለጥቂት ለሚያመልጡት አደጋ የመጋለጣቸው ዕድል 23 እጥፍ ያህል እንደሚጨምር አመልክቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም እያሽከረከሩ በስልክ መጠቀም የአደጋን ዕድል በአራት እጥፍ ያህል እንደሚያሳድግ ይገልጻል። በአገራችንም የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ በማሽከርከር ላይ ሳሉ በእጅ ስልክ መነጋገርን ይከለክላል።

ይሁን እንጂ ደንቡ የሚይዘው ስልኩን ያነሳውን ሾፌር ነው። ስልኩን የሚደውለው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ አይነሳም። ማዳበሪያ የጫነ መኪና በሚጠበቅበት ጊዜ ሊቀ መንበሩ ይደውላል፤ ገንዘብ ያዡ ይደውላል፤ ግምጃ ቤት ጠባቂው ይደውላል፤ ሁሉም «የት ደረስክ?» ይላሉ። ጭንቀታቸው ምክንያት የለውም ማለት አይደለም። ዝናቡ ጀምሯል፤ አባላቱ በመጋዘኑ በር ተሰብስበዋል፤ ወቅቱ ካለፈ ማዳበሪያው ለዚያ ዓመት አይጠቅምም። ነገር ግን መኪናው ግማሽ ቀን ቢዘገይ እርሻው አይቀርም፤ መኪናው ቢገለበጥ ግን ሰውም ጭነትም ይጠፋል።

በመሆኑም የማኅበራት መሪዎች ሊፈጽሟቸው የሚገቡ ጥቂት ቀላል ነገሮች አሉ። በመጀመሪያ፣ መኪናው ከመነሳቱ በፊት የረዳቱን ስልክ ቁጥር መመዝገብና ጥያቄ ሲኖር ለረዳቱ መደወል ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ሾፌሩ ለምግብ ወይም ለዕረፍት በሚቆምባቸው ከተሞች እርሱ ራሱ እንዲደውል አስቀድሞ መስማማት ይቻላል። ሦስተኛ፣ ከማኅበሩ የሚደውለው ሰው አንድ ብቻ ይሁን፤ ሾፌሩ ስልኩን ካነሳም አስቀድሞ «ቆመሃል ወይስ እየነዳህ ነው?» ብሎ ይጠይቅ፤ እየነዳ ከሆነ ወዲያውኑ ይዝጋ። አራተኛ፣ ቶሎ ለደረሰ ሾፌር ጉርሻ ቃል መግባት ጥድፊያን ስለሚያመጣ መቅረት አለበት።

ከዚህም ሌላ በመንገድ ዳር ያሉ ቀበሌዎች የራሳቸው ድርሻ አላቸው። ገበያ ከአስፋልቱ ጠርዝ ራቅ ብሎ እንዲቆም፣ እህል በአስፋልት ላይ እንዳይሰጣ፣ ከብትም ያለ እረኛ ወደ መንገድ እንዳይለቀቅ በስብሰባ ተወያይቶ መወሰን ይቻላል። ሕፃናት በመንገዱ ግራ ጠርዝ፣ ፊት ለፊት የሚመጣውን መኪና እያዩ እንዲሄዱ ወላጆችና መምህራን ሊያስተምሯቸው ይገባል። ሾፌሩ በተዘናጋባት ቅጽበት ከመንገዱ ላይ ሰው ከሌለ ጉዳቱ ይቀንሳልና።

እነዚህን ለመፈጸም ገንዘብም ሆነ ከሌላ ቦታ የሚላክ ባለሙያ መጠበቅ አያስፈልግም። የሚቀጥለው የማዳበሪያ ጭነት ከመነሳቱ በፊት በሚደረገው ስብሰባ ላይ «ለመኪናው ማን ይደውላል? ለማንስ?» የሚለውን አንድ ነጥብ በአጀንዳ አስይዞ ወስኖ መነሳት ይበቃል።