ካንሰር በዘር ይተነበያል?

በጋሞ ደጋ ሞታ ዋሻ ውስጥ የተገኘው የ4,500 ዓመት አጽም ዘረመሉ ተነቦ በ2015 ይፋ ሆነ (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከጥንታዊ አፍሪካውያን ሙሉ ዘረመሉ የተነበበለት የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ዛሬ እዚያው ጋሞ፣ ሴቻ ሰፈር የምትኖር ሴት ግን «ካንሰር ይይዘኝ ይሆን?» ብላ ደሟን ብታስመረምር፣ መልሱ የሚመዘነው በአብዛኛው በአውሮፓውያን ደም ነው።

ትንበያው ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ጉልበተኛ የሆነ አንድ ዘረመል ላይ ያተኩራል። ተመራማሪዋ ሜሪ ክሌር ኪንግ በ1990 ለጡት ካንሰር የሚያጋልጥ እንዲህ ያለ ዘረመል ክሮሞሶም 17 ላይ ያለበትን ቦታ አመለከተች፤ ይኸው ዘረመል፣ ቢአርሲኤ1፣ በ1994፣ ሌላው ቢአርሲኤ2 ደግሞ በ1995 ተለዩ። በ2017 የወጣ ሰፊ ጥናት እንደሚለው፣ የተበላሸ ቢአርሲኤ1 ከወረሱ 100 ሴቶች 72 ያህሉ እስከ 80 ዓመታቸው የጡት ካንሰር ይይዛቸዋል። ለእያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ከአባትም ይወረሳል፤ የእናትን ወገን ብቻ ጠይቆ ማለፍ ትልቅ ስህተት ነው። ሆኖም ከጡት ካንሰር እንዲህ ካለ ውርስ የሚመጣው ከ5 እስከ 10 በመቶው ነው።

ሁለተኛው መልክ የብዙ ጥቃቅን ልዩነቶች ድምር ነው። በ2019 ለጡት ካንሰር የቀረበው ስሌት 313 ነጥቦችን ይደምራል። ጣጣው እዚህ ላይ ነው። አብዛኞቹ ነጥቦች ራሳቸው መንስኤ አይደሉም፤ ከመንስኤው አጠገብ የቆሙ ምልክቶች ናቸው። ሴቻ ላይ «ከወፍጮ ቤቱ ቀጥሎ ያለው ግቢ» ብሎ ቤት መጠቆም ይቻላል፤ በዚያው ጥቆማ ሌላው ሰፈር ሲቀላ የወረደ ግን የማያውቀው ሰው ቤት ይገባል። የአፍሪካውያን ዘረመል ለረጅም ዘመን ሲከፋፈልና ሲቀላቀል ስለኖረ በምልክቱና በመንስኤው መካከል ያለው ጉርብትና አጭር ነው። በ2019 በተደረገ ግምገማ፣ እንዲህ ያሉ ምልክቶችን በሚፈልጉ ጥናቶች ከተሳተፉት 79 በመቶ ያህሉ የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ነበሩ። ስለዚህ ስሌቱ እኛ ዘንድ ሲደርስ ይደክማል።

የዘረመል ጥናት እዚህ አይሠራም ማለት ግን አይደለም። ጎረቤታችን ወላይታ ላይ፣ በባዶ እግር ቀይ አፈር በመርገጥ የሚመጣውን የእግር እብጠት የሚያባብስ የዘር ተጋላጭነት በጥናት ተለይቶ በ2012 ታትሟል። መከላከያው ግን ያው ጫማ ማድረግ ነው። የማህፀን በር ካንሰርም ቢሆን በአብዛኛው ከዘር ሳይሆን ከቫይረስ ይመጣል፤ ክትባቱም ከ2018 ጀምሮ ለልጃገረዶች እየተሰጠ ነው።

ለጋብቻ ሲሆን እስከ ሰባት ቤት እንቆጥራለን፤ ማን በምን እንደሞተ ግን አንጠይቅም። አክስቶቻችሁን በእናትም በአባትም ወገን ጠይቁ። ከ50 ዓመቷ በፊት የጡት ካንሰር የያዛት፣ ወይም የእንቁልጢ ካንሰር የነበራት ካለች፣ ዕድሜዋን መዝግባችሁ ለሐኪም ንገሩ።